በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ያለ ስሙ ያልታወቀ ባለ መለዮ ሰው እንዴት ይመረመራል?

በብዙ ቤት በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚኖር አሮጌ ፎቶግራፍ አለ። በፎቶግራፉም ላይ መለዮ የለበሰ፣ ቆብ የደፋ፣ ምናልባትም በደረቱ ኒሻን ያደረገ ሰው ቆሞ ይታያል። ልጆች «ይህ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ አንዱ «አያታችሁ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «የአያታችሁ ወንድም ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ዝም ይላል። በቢሾፍቱና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የምድር ባቡር በዚህች ከተማ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለ ደረሰ፣ ኋላም የአየር ኃይል ዋና ሰፈር በሐረር ሜዳ ስለ ሆነ፣ ልዩ ልዩ መለዮ የለበሱ ሰዎች ከየአገሩ መጥተው ኖረውባታልና።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው መምህራንና ማንበብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ከተማሪዎች ጋር ሁነው እንዲመረምሩ ነው። የትምህርቱም ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ስም ከመስጠት በፊት ዘመኑንና ሥራውን ማወቅ፣ ማስረጃ እስኪገኝም ድረስ የስሙን ቦታ ባዶ መተው ነው።

በስም መሳሳት ስለሚያመጣው በደል

በብራና መጻሕፍት ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ በፋንታው የሌላ ሰው ስም ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ድካሙ ይረሳል፤ ኋላ የገባው ደግሞ ያልሠራውን ሥራ ይወስዳል። በፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። የአንዱን መልክ በሌላው ስም ብንጠራ ሁለት ሰው እንበድላለን፤ መልኩ ያለው ሰው ስሙን ያጣል፤ ስሙ የተጠራውም የራሱ ያልሆነ መልክ ይሰጠዋል። ዘምቶ የቀረ ሰው ላላቸው ዘመዶች መልኩ የተረፈላቸው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ወረቀት በሌላ ሰው ስም ከተጠራ፣ ሟቹ ሁለተኛ እንደ ሞተ ይቈጠራል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ፎቶግራፉን ሳይጎዱ ስለ መያዝ

ፎቶግራፉን በጠርዙ መያዝ እንጂ በጣት መልኩን መንካት አይገባም። አቧራውን ለማጥራት ተብሎ በውኃ ወይም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሥዕሉን ያጠፋዋል። በመስተዋት ላይ ተጣብቆ ቢገኝ በኃይል አይላቀቅ። በፊቱ ላይ ምንም አይጻፍ፤ የሚጻፈው ሁሉ በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያም በእጅ ስልክ የፊቱንም የጀርባውንም ቅጂ አንሥቶ፣ ዋናውን ለባለቤቱ መልሶ በቅጂው ላይ መሥራት ይሻላል። ባለቤቱ ንብረቱን ለትምህርት ቤት ማውረስ ግዴታ የለበትምና።

ሁለተኛ፤ ጀርባውን ስለ ማንበብ

ከመልኩ በፊት ጀርባው ይነበብ። በጀርባው የፎቶግራፍ አንሺው ማኅተም፣ የቦታ ስም፣ ቀን ወይም የስጦታ ቃል ሊገኝ ይችላል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡ የነበሩት ቦያጅያን የሚባሉ አርመኖች ናቸው፤ አባትየው ቤድሮስ፣ ኋላም ልጆቻቸው በአዲስ አበባ በዚህ ሥራ ታውቀዋል። የእነርሱ ወይም የሌላ ፎቶግራፍ ቤት ማኅተም ቢገኝ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ከተማ ያመለክታል።

ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ሲገኝ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ ይጠየቅ። የእኛና የፈረንጅ አቈጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለፊያ በ7፣ ከዚያ በኋላ ባለው ወራት በ8 ዓመት ይለያያል። በጠላት ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተነሣ ከሆነ ደግሞ የፋሺስት ዓመት በሮማውያን ቍጥር ተጽፎበት ይገኝ ይሆናል። ይህ አቈጣጠር የሚጀምረው ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ 15ኛው ዓመት የሚባለው ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው።

የቦታም ስም ዘመን አለው። ከተማችን በፊት ቢሾፍቱ ስትባል ቈይታ በ1947 ዓ.ም. ገደማ ደብረ ዘይት ተባለች፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ አካባቢም ቢሾፍቱ የሚለው ስሟ ተመለሰላት። እንግዲህ በጀርባው «ደብረ ዘይት» ተብሎ ቢገኝ፣ ጽሕፈቱ ከ1947 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተጻፈ ነው። ነገር ግን ጽሕፈቱና ፎቶግራፉ እኩያ ላይሆኑ ይችላሉ፤ አባት የተነሣውን ፎቶግራፍ ልጅ ከብዙ ዘመን በኋላ ሊጽፍበት ይችላልና ቀለሙና የእጅ ጽሑፉ ይመርመር።

ሦስተኛ፤ ሥዕሉ ተገልብጦ እንደ ሆነ ስለ ማረጋገጥ

የጥንት ፎቶግራፍ ከመስተዋት ወይም ከፊልም ላይ ሲታተም በስሕተት ቢገለበጥ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሁኖ ይወጣል። ይህ እንደ ሆነ ለማወቅ ሦስት ነገር ይታይ። ፊደል ወይም ቍጥር ካለበት ተገልብጦ ይታያል። የወንድ ኮት ቍልፍ በቀኝ በኩል፣ የቍልፉ ቀዳዳ በግራ በኩል መሆን ሲገባው ተዛውሮ ይገኛል። በግራ ደረት ላይ የሚሰካው ኒሻንም በቀኝ ደረት ይታያል። ይህን ሳያረጋግጡ «ግራ እጁ የተጐዳው ሰው ነው» ማለት ወደ ስሕተት ይወስዳል።

ስለ ቀለምም ይታሰብ። በጥቁርና በነጭ ፎቶግራፍ፣ ይልቁንም በጥንቱ ፊልም፣ ቀይ ነገር እንደ ጥቁር ሁኖ፣ ሰማያዊም እንደ ነጭ ሁኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የኒሻን ጥብጣብ ቀለም ከጥላው ብቻ አይፈረድም።

አራተኛ፤ መለዮውን ከራስ እስከ እግር ስለ መመርመር

ሊቃውንት የመጻሕፍትን ቃል ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ልዩ ልዩውን ፍቺ ያቀርባሉ፤ ሁሉንም ሳያዩ አንዱን አይዙም። በመለዮም ላይ እንዲሁ ይደረግ። ይህ ሰው አንድም ወታደር ነው፤ አንድም ፖሊስ ነው፤ አንድም የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ አንድም የሙዚቃ ጓድ ባልደረባ ነው። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ ልጆች የተባሉት የአርመን ወጣቶች የሙዚቃ ጓድ ሁነው መለዮ ይለብሱ ነበር እንጂ ተዋጊዎች አልነበሩም። ቆብና ቍልፍ ስላለው ብቻ «ጦረኛ ነው» ማለት አይገባም።

ከዚህ በኋላ ከላይ ወደ ታች በተራ ይመርመር፤ ቆቡ፣ በቆቡ ላይ ያለው ምልክት፣ ኮሌታው፣ የትከሻው ምልክት፣ እጅጌው፣ ደረቱ፣ ቀበቶው፣ በባቱ ላይ የተጠመጠመው፣ ጫማው። ጫማ አለማድረጉ ወታደር አለመሆኑን አያስረዳም፤ ከ1928 ዓ.ም. በፊት የክቡር ዘበኛ ወታደሮች እንኳ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው የታዩባቸው ፎቶግራፎች አሉና።

ለዘመኑ ማወቂያ የሚረዱ ነገሮች እነዚህ ናቸው። የክቡር ዘበኛን ጦር ለማሠልጠን የቤልጅግ መኮንኖች በ1922 ዓ.ም. መጡ፤ በሆለታም የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች ተከፈተ። ወደ ኮርያ በ1943 ዓ.ም. የሄደው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለ ተሰለፈ የአሜሪካን ልብስና ትጥቅ ይዞ ይታያል፤ የዚያም ክፍለ ጦር ምልክት በክብ ውስጥ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተገናኙበት ነው። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ኮንጎ የዘመተው ጦር ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ስለ ነበረ የዚያን ማኅበር ምልክት ያደርግ ነበር። ዘውድ የደፋው አንበሳ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ምልክት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱና ዘውዱ ከቀረ በኋላ ከመንግሥት ምልክት ላይ ወጣ።

ነገር ግን ልብስና ሰው ሁልጊዜ አንድ ዘመን አይደሉም። አንድ አርበኛ ወይም የኮርያ ዘማች በሸመገለ ጊዜ የወጣትነቱን መለዮና ኒሻን ለብሶ በበዓል ቀን ሊነሣ ይችላል። ሌላውም የወንድሙን ቆብ ተውሶ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የልብሱ ዘመን የሚያስረዳው «ከዚህ በፊት አልተነሣም» የሚለውን ነው እንጂ «ከዚህ በኋላ አልተነሣም» የሚለውን አይደለም። የልብሱም ልክ ይታይ፤ እጅጌው የረዘመ፣ ትከሻው የሰፋ ኮት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፤ በአጠገቡ ስላለው ነገር

ብዙ ጊዜ ከሰውየው ይልቅ በስተኋላው ያለው ነገር ይናገራል። ሕንፃ፣ አውቶሞቢል፣ የሐይቅ ዳር፣ የባቡር ጣቢያ፣ አውሮፕላን፣ ሁሉም የየራሱ ዘመን አለው። በቢሾፍቱ ፎቶግራፎች ውስጥ አውሮፕላን ስለሚገኝ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውሮፕላን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ነበር። ከጠላት መባረር በኋላ በ1938 ዓ.ም. የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን ለማቋቋም መጡ፤ ሳፊር የሚባሉ የስዊድን ማሠልጠኛ አውሮፕላኖችም ተከትለው ገቡ። ኤፍ 86 የተባለው ጄት በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ኤፍ 5 በ1958 ዓ.ም. ገደማ፣ ሚግ የሚባለው የሶቭየት ሥራ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መጣ። በስተኋላ ሚግ የቆመበት ፎቶግራፍ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተነሣ ሊሆን አይችልም። በአፍንጫው ውልብልቢት ያለው አውሮፕላን ግን ጄት ከመጣም በኋላ ለማሠልጠኛ ያገለግል ስለ ነበር ዘመኑን ብቻውን አይወስንም።

ሌላም ነገር አለ። በአውሮፕላን አጠገብ የቆመ ሁሉ አብራሪ አይደለም። መካኒኩም፣ ዘበኛውም፣ ሊጐበኝ የመጣውም ዘመድ በዚያ ይነሣል። አብራሪ መሆኑ የሚታወቀው የክንፍ ምልክት በደረቱ ሲታይ ነው።

ስድስተኛ፤ የፊት ቀለም እንደሚያሳስት

አንዳንድ ሰው ፊቱ የጠቈረውን «የእኛ ሰው ነው»፣ የቀላውን «ፈረንጅ ነው» ብሎ ይቸኵላል። ይህ እንደማይሆን ሁለት ታሪክ ያስረዳናል። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አንዱ ሚሽካ ባቢቼፍ አባታቸው መስኮባዊ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ፤ በ1922 እና በ1923 ዓ.ም. መካከል ከአስፋው አሊ ጋር የአብራሪነት ማዕርግ አገኙ። ስማቸውንና መልካቸውን ብቻ ያየ ሰው የውጭ አገር ሰው ያደርጋቸዋል። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ፤ በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በጠላት ወረራ ጊዜ በአየር አገልግሎቱ አለቃነት ሠሩ፤ በ1936 ዓ.ም. ገደማ ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ተመልሰው አብራሪዎችን አሠለጠኑ፤ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሞተው በአዲስ አበባ ተቀበሩ። የኢትዮጵያን መለዮ ለብሰው በፎቶግራፍ ያያቸው ሰው የአገር ተወላጅ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በቀለም ብቻ አገርን መወሰን ከንቱ ነው።

ይልቅስ የማይለወጠው ነገር ይታይ። የጆሮ ቅርጽ፣ የጠባሳ ቦታ፣ የአፍንጫ አጥንት ከልብስና ከዕድሜ ይበልጥ ይታመናሉ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕፃን ሳሉ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በህንድ አደጉ፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አድገውና ሐኪም ሁነው ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ አያታቸው ያወቋቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ነው። ልብሳቸውም ስማቸውም የባዕድ ነበረ፤ ጠባሳው ግን መሰከረ።

ሰባተኛ፤ ሽማግሌዎችን ስለ መጠየቅ

ምስክር የሚጠየቀው ከላይ ያለው ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ሽማግሌዎችን በአንድነት ሰብስቦ መጠየቅ አይገባም፤ የመጀመሪያው የተናገረውን ሌሎቹ በአክብሮት ይደግሙታልና። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠየቁ። ሲጠየቁም «አባባ፣ ይህ እገሌ አይደለምን?» አይባል፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን ያቀብላል። «አባባ፣ እስቲ ይህን ፎቶግራፍ ይመልከቱልን፤ ምን ያዩበታል?» ማለት ይሻላል። አሮጊቶችም አይዘንጉ፤ ቍልፉን የሰፉትና ልብሱን ያጠቡት እነርሱ ናቸውና «እማማ፣ ይህን ልብስ ያውቁታልን?» ተብለው ይጠየቁ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ የሆኑትን በኦሮምኛ መጠየቅ ትዝታቸውን ያሰፋዋል።

ስም የሰጠ ሰው ሁሉ «በምን አወቁት?» ተብሎ ይጠየቅ። «ቆቡን አይቼ» ያለና «በግራ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቼ፤ ከበቅሎ ወድቆ ያገኘው ነው» ያለ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ሁለት ምስክሮች ሳይነጋገሩ አንድ ስም ቢሰጡ፣ ስሙም ከዘመኑና ከመለዮው ጋር ቢስማማ፣ ያን ጊዜ ስሙን ለመጻፍ ይቻላል።

ስምንተኛ፤ የጠላት ጦር መለዮ ሁኖ ሲገኝ

አንዳንድ ጊዜ ሰውየው ታርቡሽ ደፍቶ፣ በወገቡ ሰፊ መቀነት ታጥቆ፣ በእጅጌው ላይ የማዕዘን ምልክት አድርጎ ይገኛል። ይህ የኢጣልያ አስካሪ መለዮ ነው። የመቀነቱ ቀለም ሻለቃውን ይለይ ነበር፤ ማዕርጋቸውም ሙንታዝ፣ ቡሉቅባሽ፣ ሹምባሽ ይባል ነበር። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ በተገኘ ጊዜ መምህሩ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይጠንቀቅ። ፎቶግራፉን መቅደድ ወይም መደበቅ ታሪክን ማጥፋት ነው፤ በተማሪዎች ፊት «የእገሌ አያት ባንዳ ነበር» ብሎ ማወጅም ሕፃኑን ባላደረገው ነገር መቅጣት ነው።

መለዮው የሚያስረዳው በዚያ ቀን ምን እንደ ለበሰ ብቻ ነው። በግድ ተመልምሎ ነበርን? በረኀብ ምክንያት ገብቶ ነበርን? ኋላ ከድቶ ወደ አርበኞች ሄዶ ነበርን? ከአስካሪዎች ብዙዎች ከነመሣሪያቸው ወደ አርበኞች እንደ ገቡ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ ፎቶግራፍ አይናገርም። ስለዚህ ነገሩ አስቀድሞ ለቤተሰቡ ታላቅ ሰው ለብቻው ይነገር፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውም በእርሱ ፈቃድ ይሁን። ከተጻፈ ግን እውነቱ ሳይጨመርበት ሳይቀነስለት ይጻፍ።

ለትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ

በአንድ የቢሾፍቱ ቤት እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ተገኘ እንበል። ወጣት ሰው በሳፊር አውሮፕላን አጠገብ ቆሟል። በቆቡ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ። የክንፍ ምልክት በደረቱ የለም። በጀርባው በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ «ደብረ ዘይት፣ 1951» ተብሎ ተጽፏል። ቤተሰቡ «ወደ ኮርያ ሄዶ የሞተው አጎታችን አብራሪው ነው» ይላሉ።

ምርመራው እንዲህ ይሆናል። ሳፊር ስላለበት ከ1938 ዓ.ም. በፊት አልተነሣም። 1951 የሚለው በፈረንጅ አቈጣጠር ቢሆን 1943 ወይም 1944 ዓ.ም. ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ግን ከተማይቱ ገና ደብረ ዘይት አልተባለችም። ስለዚህ ጽሕፈቱ በተነሣበት ጊዜ የተጻፈ ከሆነ 1951 የራሳችን ዓመተ ምሕረት ነው። የኮርያው ጦርነት የተኵስ ማቆም ስምምነት የተደረገው በ1945 ዓ.ም. ነበር፤ እንግዲህ በዚያ ጦርነት የሞተ ሰው በ1951 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ሊነሣ አይችልም። የክንፍ ምልክት ስለሌለውም አብራሪ ነው ለማለት ማስረጃ የለም። ቤተሰቡ ሁለት ዘመዶችን በአንድ መልክ አቀላቅለው ይሆናል።

ይህ ለቤተሰቡ ኀዘን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ትርፍ አለው። ይህ ሰው ሌላ ዘመድ ከሆነ በሕይወት ሳለ የሚያውቁት ባልደረቦች ሊገኙ ይችላሉ፤ የኮርያው ዘማች እውነተኛ መልክም በሌላ ሣጥን ውስጥ ሊፈለግ ይገባል።

ስለ መዝገብ አጻጻፍ

በመዝገብ ላይ ሦስት ክፍል ይደረግ። በመጀመሪያው «የታየ» ተብሎ በዓይን የታየው ብቻ ይጻፍ። በሁለተኛው «የተባለ» ተብሎ ምስክሮች የተናገሩት ከነምክንያቱና ከቀኑ ጋር ይጻፍ። በሦስተኛው «የተገመተ» ተብሎ የመርማሪዎቹ አሳብ ይጻፍ። ስም የሚለው መስመር ማስረጃ እስኪገኝ ባዶ ይሁን። ባዶ መስመር ነውር አይደለም፤ ከኋላ ለሚመጣው መርማሪ የተተወ ቦታ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ዛሬ ያልታወቀው ነገ ይታወቅ ይሆናል፤ በሐሰት ስም የተሞላ መስመር ግን ፈላጊ አይኖረውም። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ ስለሚያልፉ ጥያቄው አይዘግይ።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ. በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ኒሻኑ በቀኝ ደረት ቢታይ አስቀድሞ ምን ይመረመራል?
2ኛ. «ደብረ ዘይት» ተብሎ የተጻፈበት ፎቶግራፍ ከ1947 ዓ.ም. በፊት የተነሣ ሊሆን ይችላልን? እንዴት?
3ኛ. ዘውድ የደፋ አንበሳ በቆቡ ላይ ያለ ሰው ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ፎቶግራፍ ሊነሣ የሚችልበትን ምክንያት ተናገሩ።
4ኛ. ሽማግሌዎች ለየብቻ የሚጠየቁት ስለ ምንድን ነው?
5ኛ. በቤታችሁ ካለ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ «የታየ» የሚለውን ክፍል ብቻ በአሥር መስመር ጻፉ፤ ስም ግን አትጻፉ።